የልምምድና የመድረክ ቀረጻ፦ ስለ ምን ይመሰክራል፣ ስለ ምንስ አይመሰክርም?

ከበዓል ኮንሰርቶችና ከክለብ ምሽቶች ማግስት በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዘዋወሩ አጫጭር ቀረጻዎች በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ክርክር ያስነሳሉ። አንዱ ወገን ድምፃዊው መድረክ ላይ አይችልም፣ ባንዱም በቅጡ አልተለማመደም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በአዳራሹ እንደነበረና የሰማው እንዲህ እንዳልሆነ ይምላል። ሁለቱም ዋሽተው ላይሆን ይችላል፤ አንደኛው የሚናገረው መቅረጫው ስለ ሰማው፣ ሁለተኛው ደግሞ አዳራሹ ስለ ሰማው ነውና።

በልምምድ ቤቶችም ተመሳሳይ ግራ መጋባት አለ። አንዳንድ ሙዚቀኞች ስልክ ካለ ሌላ መሣሪያ ምን ያደርጋል ሲሉ፣ ሌሎች አዲስ የወጣ መቅረጫ ቢገዛ የቀረጻ ችግር ሁሉ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ከሁለቱም የተለየ ነው። ማንኛውም ቀረጻ እንደ አንድ ምስክር ነው፤ በቆመበት ቦታና በተፈጥሮው ምክንያት ስለ አንዳንድ ጉዳዮች ቃሉ ይታመናል፣ ስለ ሌሎች ግን አይታመንም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ባንድ በርካሽ መሣሪያም ብዙ ይማራል፤ የማያውቅ ባንድ ግን ውድ መሣሪያ ይዞም ያልጠፋውን ጥፋት ሲያርም ሊከርም ይችላል።

ተንቀሳቃሽ መቅረጫ ሲባል እዚህ ላይ የታሰበው በመዳፍ የሚያዝ፣ በባትሪ ድንጋይ ወይም በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ አናቱ ላይ ሁለት ማይክ ያለው፣ ድምፁንም በሚሞሪ ካርድ ላይ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። ዙም፣ ታስካምና ሶኒ በዚህ ዘርፍ በስፋት የሚታወቁ አምራቾች ናቸው።

አንድ ማይክ ሚዛን የነበረበት ዘመን

ባንድን አንድ ላይ እያጫወቱ በጥቂት ማይክ መቅረጽ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አዲስ ነገር አይደለም። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን በ1969 እ.ኤ.አ. ካቋቋመ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የሸክላ ኅትመት ደምቆ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ቦታውን ካሴት እየወሰደ ሄደ፤ በዚያ ዘመን ከተለቀቁ ሥራዎች መካከልም በሆቴል አዳራሾችና ክለቦች ውስጥ፣ ሙሉ ባንድ በአንድ ጊዜ እየተጫወተ የተቀረጹ አሉ። እንዲህ ባለ ቀረጻ ላይ የድምፆቹን ሚዛን በኋላ ማስተካከል የሚቻለው በጥቂቱ ብቻ ነው። ሳክስፎኑ ከጎላ የሚበጀው ተጫዋቹ ከማይኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቱ ነበር። የዛሬው ባለ ሁለት ማይክ መቅረጫም ከዚህ ሕግ አላመለጠም፤ የተቀየረው ማስቀመጫው ነው።

ስልክ የሚያዛባው የትኛውን ነው?

በስልክ ላይ ያሉ የድምፅ መቅረጫዎች በአብዛኛው የተዘጋጁት ለንግግር ነው። ሰው ሲያንሾካሽክም ሆነ ሲጮህ እኩል እንዲሰማ ለማድረግ ስልኩ ጌይኑን፣ ማለትም ከማይኩ የሚመጣው ደካማ ምልክት የሚጎላበትን መጠን፣ ተጠቃሚው ሳያዘው በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ለንግግር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለሙዚቃ ግን ዋናውን ነገር ይበላል፤ በለሆሳስ ተጀምሮ እያደገ የሚሄድ ዘፈን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ዓይነት ጉልበት ያለው ሆኖ ይቀረጻል።

ጉዳቱ በተለይ በእኛ የመድረክ ባህል ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የችክችካ ምት ያለው ዘፈን ተጀምሮ ታዳሚው ሲያጨበጭብ፣ ከስልኩ አጠገብ የቆመው ሰው ጭብጨባ ከመድረኩ ድምፅ ይልቅ ለማይኩ ስለሚቀርብ እጅግ ስለታም ሆኖ ይደርሳል። ስልኩ ያንን ለመቋቋም ጌይኑን በቅጽበት ይቀንሳል። ጭብጨባው ወዲያው ያልፋል፤ ጌይኑ ግን ወደ ቦታው የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው። በዚህ ምክንያት ድምፃዊው በእያንዳንዱ ጭብጨባ ሥር እየሰመጠ፣ በመካከሉም እየተነሳ ይሰማል፤ ቀረጻውን ብቻ የሰማ ሰው የትንፋሽ እጥረት ወይም የማይክ አያያዝ ጉድለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። እልልታም ከቅርብ ሲመጣ ያንኑ ያደርጋል።

ሌላው ጣጣ በአንዳንድ ስልኮች ላይ የሚገኘው የጩኸት ማጥፊያ ነው። ይህ ሥርዓት እንደ ማራገቢያ ወይም እንደ ሞተር ያለ፣ ሳይለዋወጥ የሚቆይ ድምፅን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያደክማል። ረጅም የማሲንቆ ስበት ወይም ኪቦርዱ ከኋላ ይዞት የሚቆየው ኅብረ ድምፅም ሳይለዋወጥ የሚቆይ ድምፅ ነውና ሰለባ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ስልክ የድምፅ መጠንንና ሚዛንን ያዛባል እንጂ ዘፈኑን ከቅኝት አያስወጣም፣ ምቱንም አያፈጥንም። ድምፃዊው በእርግጥ ከቅኝት ወጥቶ ከነበረ፣ ወይም ዘፈኑ ሲጀመር ከነበረው ፍጥነት ሲያልቅ በጣም ከፈጠነ፣ ያ በስልክም ቢሆን እውነት ነው። በቦታው የነበረው ታዳሚ በጭፈራውና በድባቡ ተይዞ ሳያስተውለው ሊቀር ይችላል። እንግዲህ በማኅበራዊ መገናኛዎች ለሚነሣው ክርክር መፍትሔው አንዱን ወገን መምረጥ ሳይሆን ጥያቄውን መለየት ነው፦ ስለ ቅኝት፣ ስለ ፍጥነትና እያንዳንዱ በሰዓቱ ስለ መግባቱ የስልክ ቀረጻ ይመሰክራል፤ ስለ ድምፅ ጉልበት፣ ስለ ለዛና ስለ መሣሪያዎች ሚዛን ግን ቃሉ አይያዝለትም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ነገር ግን ብዙ የሚያበላሽ ልማድ አለ። ልምምዱ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሲላክ መተግበሪያው ለንግግር በሚሆን መጠን አጭቆ ነው የሚያስተላልፈው። ያው ቀረጻ እንደ ፋይል ተያይዞ ቢላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

ቦታው ከመሣሪያው ይበልጣል

የተለየ መቅረጫ ዋና ጥቅሙ ጌይኑን በእጅ ማስተካከልና አውቶማቲኩን ማጥፋት መቻሉ ነው። ከዚያ በኋላ ውጤቱን የሚወስነው የመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ጊዜ የማይሰጠውም ይህንኑ ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ ማይክ ዘንድ የሚደርሰው ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው፦ ከመሣሪያው በቀጥታ የሚመጣውና ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል ተመልሶ የሚመጣው። የሚንጸባረቀው ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ሁሉ ተቀራራቢ ሆኖ ሲቆይ፣ ቀጥተኛው ግን በርቀት በፍጥነት ይደክማል። ክፍት በሆነ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር መጠኑ በ6 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነ አዳራሽ በስተኋላ በኩል የተቀመጠ መቅረጫ ቃላቱን ሳይሆን የቃላቱን ማሚቶ የሚይዘው ለዚህ ነው። የሰው አእምሮ ሁለት ጆሮና ዓይን ተባብረውት ድምፃዊውን ከማሚቶው ለይቶ ሊከተል ይችላል፤ ማይክ ግን ይህን መለየት አያውቅም።

ወፍራም ድምፆች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በ41 ኸርዝ ገደማ፣ ማለትም በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል፣ ይርገበገባል፤ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነውና የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። በተቃራኒ ግድግዳዎቹ መካከል 4 ሜትር ስፋት ባለው የልምምድ ክፍል ውስጥ የዚህ ሞገድ ግማሽ በግድግዳና በግድግዳ መካከል ልክ ይገባል ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ግፊቱ በግድግዳዎቹ አጠገብ ከፍተኛ፣ በክፍሉ አማካይ መስመር ላይ ደግሞ ዝቅተኛ ይሆናል። መቅረጫው ትክክለኛው መሃል ላይ ቢቀመጥ ቤዙ የጠፋ ይመስላል፤ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ክፍሉን ሁሉ የዋጠ ይመስላል። የቤዝ ተጫዋቹ በሁለቱም ጊዜ የተጫወተው አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ተጫዋች ሲወቀስ መስማት ያሳዝናል።

በተግባር ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። በልምምድ ጊዜ መቅረጫው በማይክ ማቆሚያ ላይ፣ ከቆመ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከመሃል ትንሽ ፈንጠር፣ ከጥግም ርቆ ይቀመጥ። ድራሙ የራሱ ጉልበት ስላለው ማይኮቹ ወደ ድምፃዊው ድምፅ ማጉያና ወደ ለስላሳ መሣሪያዎች ይዙሩ። ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሁለት ጉዳት አለው፤ የእግር ምትና የጠረጴዛው ንዝረት በቀጥታ ይገባል፣ ከጠረጴዛው ገጽ የሚመለሰው ድምፅም ከቀጥተኛው ጋር ተደባልቆ የድምፁን ቀለም ይለውጣል። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከድራምና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ሲጣመሩ ደግሞ የትኛውም የመቅረጫ ቦታ ሙሉ ፍትሕ አይሰጥም፤ ባህላዊዎቹ መሣሪያዎች ወደ መቅረጫው ሦስት ወይም አራት እርምጃ ቢቀርቡ ይሻላል።

በመድረክ ላይ ለታዳሚውም ለመቅረጫውም የሚስማማው አካባቢ ብዙውን ጊዜ ሚክሰሩ፣ ማለትም የማይኮቹና የመሣሪያዎቹ ድምፅ የሚቀላቀልበት ሰሌዳ፣ ያለበት አቅራቢያ ነው፤ ሳውንድ ማኑ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው መሠረት ነውና። ከሞንታርቦው (ከመድረኩ ድምፅ ማጉያ) ፊት ለፊት ማስቀመጥ ግን አንዱን ጎን ብቻ መቅዳት ነው። መቅረጫው ከታዳሚው ራስ በላይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ቢል ጭብጨባውና እልልታው ሳይጠፉ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ከሚክሰር በቀጥታ መቅዳት

አንዳንዶች አዳራሹን ከነችግሩ ትቶ በገመድ ከሚክሰሩ መቅዳት የተሻለ ነው ይላሉ። የአዳራሹ ማሚቶና የታዳሚው ወሬ ስለማይገቡ ሐሳቡ ምክንያት አለው። ነገር ግን ሚክሰሩ ላይ ያለው ድምፅ የተዘጋጀው ለአዳራሹ ጉድለት ማሟያ እንጂ ለአድማጭ አይደለም። በአነስተኛ ክለብ ውስጥ ድራሙና የጊታር ማጉያው በራሳቸው በቂ ድምፅ ስለሚያወጡ ሳውንድ ማኑ በሚክሰሩ ላይ ጥቂት ብቻ ይጨምርላቸዋል፤ የድምፃዊውን ማይክ ግን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሚክሰር የተቀዳው ድምፅ ድራም አልባ፣ ጊታሩ የራቀ፣ ድምፃዊው ደግሞ ብቻውን በባዶ ቤት የሚዘፍን ይመስላል። በአዳራሹ ውስጥ ከባንዱ ጋር ተዋሕዶ የነበረው ትንሽ የቅኝት መንሸራተት እዚህ ላይ እርቃኑን ይወጣል። እንዲህ ያለ ቀረጻ አፈትልኮ ሲወጣ በድምፃዊው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ያላግባብ የሚከብደው በዚህ የተነሣ ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ነው። አራት መስመር የሚቀዱ መቅረጫዎች በራሳቸው ማይኮች አዳራሹን፣ በገመድ ደግሞ ሚክሰሩን በተለያዩ መስመሮች ላይ በአንድ ጊዜ ይይዛሉ። በኋላ ሲቀላቀሉ አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ መቅረጫው ከመድረኩ 20 ሜትር ቢርቅ በማይኩ የሚገባው ድምፅ በገመድ ከሚመጣው በ58 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፣ ሳይስተካከልም ከቀረ ድራሙ ሁለት ጊዜ የተመታ ይመስላል። ሁለት የተለያዩ መቅረጫዎችን መጠቀምም ይቻላል፤ ነገር ግን የውስጥ ሰዓቶቻቸው በጥቂቱ ስለሚለያዩ በረጅም ቀረጻ ላይ ቀስ በቀስ ይራራቃሉ።

ገመዱ ከመሰካቱ በፊት ደግሞ መቅረጫው በማይክ መግቢያው በኩል ለአንዳንድ ማይኮች የሚልከው የ48 ቮልት ኃይል መጥፋቱ ይረጋገጥ። ከባለሙያ ሚክሰር የሚወጣው ምልክት ለአነስተኛ መቅረጫዎች መግቢያ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ሊሆን ስለሚችልም መቀነሻ ገመድ ወይም ከሚክሰሩ ዝቅ ያለ መውጫ ያስፈልጋል።

«32 ቢት ፍሎት» ምን ይፈታል?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በማስታወቂያዎች ላይ የሚደጋገመው ይህ ቃል ብዙ የተሳሳተ ተስፋ ፈጥሯል። ቢት ማለት በዲጂታል ቀረጻ ውስጥ እያንዳንዱ የድምፅ ናሙና የሚጻፍበት የቁጥር እርዝማኔ ነው። በ16 ቢት ፋይል ውስጥ በጣም ዝቅተኛውና በጣም ከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት አለ፤ በ24 ቢት በንድፈ ሐሳብ 144 ዴሲቤል ይደርሳል። በሁለቱም ጣሪያው የተወሰነ ነው፤ ድምፁ ከጣሪያው ካለፈ ጫፉ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም አይመለስም። በ32 ቢት ፍሎት አጻጻፍ ግን የቁጥሩ ነጥብ ቦታ ከድምፁ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ፋይሉ ከ1500 ዴሲቤል በላይ የሆነ ስፋት መያዝ ይችላል፤ በተግባር ጣሪያ የለውም ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚሠሩ መቅረጫዎች ብዙውን ጊዜ አንዱ ለደካማ፣ ሌላው ለኃይለኛ ድምፅ የሚያገለግሉ፣ ድምፁን ወደ ቁጥር የሚለውጡ ሁለት መቀየሪያዎች አሏቸው።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ በተለይ መቅረጫውን የሚጠብቅ ሰው በሌለበትና ተጫዋቹ ራሱ ቀራጭ በሆነበት ምሽት። ነገር ግን ጣሪያ የሌለው ፋይሉ እንጂ ማይኩ አይደለም። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ያሉ ማይኮች ብዙዎቹ ከ120 እስከ 130 ዴሲቤል ባለው አካባቢ ላይ ራሳቸው ይዛባሉ፤ ከስኔር ድራም አጠገብ ይህ በቀላሉ ይደረስበታል። ሞንታርቦው ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ እየተንጫጫ ከሆነም መቅረጫው መንጫጫቱን በታማኝነት ይይዛል።

ለአብዛኛው ባንድ የ24 ቢት መቅረጫ በቂ ነው። ባንዱ ካሉት ዘፈኖች ሁሉ ኃይለኛውን ይጫወት፣ ከፍተኛው ምልክት ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ጌይኑ ይስተካከል፣ ከዚያ ማንም አይንካው። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና) እና በ24 ቢት የሚደረግ ስቴሪዮ ቀረጻ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ስለሚይዝ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ ለ30 ሰዓት ገደማ ይበቃል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደከበደ ለሚያውቅ ሙዚቀኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አዲሱን ቴክኖሎጂ ከመመኘት ይልቅ ጥቅም ላይ የዋለ የቆየ መቅረጫና ጥሩ ማቆሚያ መግዛት በብዙ ሁኔታ የሚበጅ ይመስለኛል።

ልምምድን መቅረጽ ያግዛል ወይስ ያስራል?

በዚህ ላይ ሙዚቀኞች አይስማሙም። የሚቃወሙት እንደሚሉት የመቅረጫው ቀይ መብራት ሲበራ ተጫዋቹ መሳሳትን ይፈራል፤ መሳሳት የማይፈቀድበት ልምምድ ደግሞ አዲስ ነገር አይወልድም። የሚደግፉት በበኩላቸው ሰው እየተጫወተ ራሱን በትክክል መስማት አይችልም ይላሉ። ለዚህኛው ጠንካራ ምክንያት አለ። ድምፃዊ የራሱን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ይሰማል፤ ድራመሩ ከሁሉ በላይ የራሱን ሲምባል ይሰማል፤ ትኩረቱም በእጁ ሥራ ስለሚያዝ የሌላውን መግቢያ አያስተውልም።

የተቃዋሚዎቹ ሥጋት የሚቀንሰው መቅረጽ የተለየ ሥነ ሥርዓት መሆኑ ሲቀር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይጠፋ የሚቀዳ መቅረጫ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይረሳል። ሁሉን ማዳመጥ ግን አያስፈልግም። አንዱን ዘፈን መርጦ፣ በአንድ ጊዜ ስለ አንድ ነገር ብቻ ማዳመጥ ይበልጥ ፍሬ አለው፤ ለምሳሌ ስለ ፍጥነት። በዘፈኑ መነሻ የ15 ሰከንድ ምቶችን ቆጥሮ በ4 ማባዛት፣ በመጨረሻውም ያንኑ መድገም ነው። ለጭፈራ የሚሆኑ ዘፈኖች ሳይታወቅ መፍጠን ይወዳሉ፤ ሳይታሰብ የመጣና ሆን ተብሎ የተደረገ መፍጠን የሚለየው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ለእኛ ሙዚቃ ልዩ ትርጉም ያለው ጉዳይ ቅኝት ነው። ኪቦርድ ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ከፍተኛ አቻው ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል ክፍሎች ያካፍላል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፈው ግን በጆሮው ነው፤ ክራርም የሚቃኘው በጆሮ ነው። በባቲ ወይም በአንቺ ሆዬ ላይ ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ የሚፈጠረው ክፍተት በልምምዱ ሙቀት ውስጥ ይሸፈናል፣ በቀረጻው ግን ጎልቶ ይሰማል። ባንዱ ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ ማምጣት የለበትም፤ ኪቦርዱን በዚያ ቦታ ዝም ማሰኘትም አንድ መልስ ነው።

ፈቃድ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ለደራሲና ለአቀናባሪ ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ከዋኝ ማለት የሚዘፍነው ወይም የሚጫወተው ሰው ነው። ገና ያልተቀረጸ ክዋኔውን ሌላ ሰው እንዲቀርጽና ለሕዝብ እንዲያሰራጭ የመፍቀድ ወይም የመከልከል መብት የእሱ ነው። አዋጁ ለግል ጥቅም ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም ቀረጻው ለሕዝብ ከተለቀቀ በኋላ የግል ጥቅም ነበር ማለት ያስቸግራል።

ይህ ታዳሚውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለአንድ ምሽት ተጠርቶ የመጣ ሳክስፎኒስትም ከዋኝ ነው። ያላለቀ ዘፈን የያዘ የልምምድ ቀረጻ ሲያፈተልክ ደግሞ የግጥሙ ደራሲም፣ የዜማው ባለቤትም ይጎዳሉ። ስለዚህ ማን ይቀዳል፣ ማን ጋር ይቀመጣል፣ ምንስ ሊለቀቅ ይችላል የሚለው የመቅረጫው መብራት ከመብራቱ በፊት ሊነገር ይገባል።

ታዳሚውን በተመለከተ መከልከል ብቸኛው አማራጭ እንዳልሆነ የአሜሪካው ግሬትፉል ዴድ ባንድ ልምድ ያሳያል። ባንዱ ከጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀራጮች የተለየ መቀመጫ መድቦ፣ ቀረጻው ሳይሸጥ በልውውጥ ብቻ እንዲዘዋወር ፈቅዶ ነበር። ከትኬት ይልቅ በሠርግና በዝግጅት ክፍያ የሚኖር ባንድ ይህን እንዳለ ሊወስደው አይችል ይሆናል። ነገር ግን ሚክሰሩ አጠገብ ለአንድ የታወቀ ቀራጭ ቦታ መስጠት በመቶ ስልኮች ከመቀረጽ የተሻለ ማስረጃ ያስቀራል።

ከቀረጻው በኋላ

የመብራት መቆራረጥ ባለበት ከተማ በባትሪ የሚሠራ መቅረጫ አንድ የማይናቅ ብልጫ አለው። ብዙ መቅረጫዎች ፋይሉን በአግባቡ የሚዘጉት ቀረጻው ሲቆም ስለሆነ፣ በመካከል ኃይል ከተቋረጠ ምሽቱ ሁሉ ላይከፈት ይችላል። ከሶኬት ጋር ቢሰካ እንኳ በውስጡ ጥሩ ባትሪ ሊኖር ይገባል።

ካርዱም ከመሣሪያው ወጥቶ በማግስቱ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይገልበጥ። በጥር 2007 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የተባለው የጃዝ መድረክም አብሮ ጠፍቷል። አንድ ክፍል ሲጠፋ የራሱ ማሚቶም አብሮት ይጠፋል፤ ያንን ማሚቶ ሊይዝ የሚችለው በዚያው ክፍል ውስጥ የቆመ ማይክ ብቻ ነው።

ለፋይሉ ስም ሲወጣ ደግሞ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። መቅረጫው የሚያትመው የአውሮፓውያንን ቀንና ሰዓት ነው፤ ባንዱ «መስከረም 30፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብሎ የሚያስታውሰው ልምምድ በካርዱ ላይ በኦክቶበር 10 እና በ21 ሰዓት ተመዝግቦ ይገኛል። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ወጥቶ ሰዓቱ ወደ መነሻው ከተመለሰ ደግሞ ያም አይገኝም። ስለዚህ ቀረጻው እንደተጀመረ አንድ ሰው ወደ ማይኩ ቀርቦ ቀኑን፣ ቦታውንና የተጫዋቾቹን ስም በድምፁ ቢናገር ፋይሉ ስሙ ቢጠፋም ማንነቱን ይዞ ይቆያል።